የተቋረጠው ችሎት

ባለፈው ዓመት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚኒባስ ስሄድ፣ ዳባት ላይ ዝናብ የመታቸው አንድ ሽማግሌ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከበግ ጠጉር የተሠራው ባናቸው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። መኪናው በሰው ትንፋሽ ሲሞቅ ባናው መትነን ጀመረ። ያ የእርጥብ በግና የጭስ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ብቻዬን ሳቅሁ። ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩኝ። ምን እንዳሳቀኝ ብነግራቸው ደስ ባለኝ፤ ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ለሌላው ሰው የገበያ ቀን ሽታ ነው። ለእኔ የሲኒማ ሽታ ነው።

አራተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት እናቴ ወለደችና ቤታችን ጠበበ። አባቴ ዳባት ላይ ከአንድ የሚያውቀው ሾፌር ጋር አሳፍሮ ደባርቅ እህቱ ዘንድ ላከኝ። አክስቴ ዘውድነሽ ትባላለች፤ እኛ ልጆቹ ግን እታለም ነበር የምንላት። ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ጊዜ አግብታ ፈትታለች፣ ልጅ የላትም፣ ቀጭንና ረጅም ነች። ክረምት ለእሷ የዩኒፎርም ወቅት ነው፤ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት የከተማው ተማሪ ግማሹ በእሷ እጅ ያልፋል። የእኔ ሥራ አዝራር መትከልና፣ ስፌቱ ካለቀ በኋላ ጨርቁን አስተካክሎ የያዘውን ነጭ ክር መምዘዝ ነበር። ክሩ ሳይበጠስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲመዘዝ የሚያሰማው ድምፅ ደስ ይለኛል።

እታለም ብዙ አትናገርም። ሁልጊዜ ከንፈሮቿ መካከል ስፒል ትይዛለች፤ ዝም የምትለው ስፒሎቹ እንዳይወድቁ ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ወሬ ሲያምረኝ እጄን ዘርግቼ ስፒሎቹን ልያዝልሽ እላታለሁ። ትሰጠኛለች። ከዚያም ያው ዝም ትላለች፤ እኔም ግራ ይገባኛል።

ከሱቋ ማዶ የታደለ ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው፤ አግዳሚዎቹ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የተመቱ ሳንቃዎች ናቸው። ቴሌቪዥኑ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ እታለም የሰፋችለት ጥልፍ ያለው ልብስ ነበረው። ፊልም ሲጀመር ታደለ ልብሱን እንደ ሙሽራ መጋረጃ ቀስ አድርጎ ይገልጠዋል። ወጣት ነው፣ ፂሙ ገና አላማረለትም፣ ግን ያን ልብስ ሲገልጥ ከደባርቅ ሰው ሁሉ የሚበልጥ ሰው ይመስለኝ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የማይገባንን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች የሚደባደቡበትን ነው። በዚያ ሐምሌ ግን አንድ ሾፌር ከጎንደር ወደ ሊማሊሞ ሲወርድ የአማርኛ ፊልም ጥሎለት ሄደ፤ ሁለት ሲዲ ያለው የፍቅር ፊልም።

ፊልሙ የተሠራው ከጥንት ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ መድረክ ላይ ከሚታይ አንድ የታወቀ አስቂኝ ቲያትር ነው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ለእኔ ከሰማይ የወረደ ነበር። ሁለት ጎረቤታም ሀብታሞች በመካከላቸው ባለ አጥር ተጣልተው ይካሰሳሉ። አንደኛው ሲጮህ ውሎ ድምፁ ይዘጋበትና ሕግ የተማረች ልጁን ወደ ችሎት ይልካል። ሌላኛው ቆንቋና ስለሆነ ጠበቃ ከመቅጠር የራሱን ልጅ ይልካል። ሁለቱ ልጆች ዳኛው ፊት እንደ አውራ ዶሮ ይናከሳሉ። እሷ አንድ ስትል እሱ ሁለት ይላል። በዚያ ክርክር መሃል ይዋደዳሉ። ግን ክርክሩ ካለቀ መገናኛ ስለማይኖራቸው፣ ጉዳዩን ማጓተት ይጀምራሉ፤ በተነሱ ቁጥር ቀጠሮ ይሰጠን ይላሉ።

እነዚህን ቃላት ሲሉ ዘፈኑ ይነሳል፣ ካሜራው ዓይኖቻቸው ላይ ይቀርባል፣ አዳራሹ ያፏጫል። እኔ ችሎት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቀጠሮ ይሰጠን ማለት እወድሃለሁ ማለት ነው ብዬ ያዝኩት። ለጎረቤት በግ ግልገል ሳይቀር ቀጠሮ ይሰጠን እያልኩ አንገቷን አቅፋት ነበር።

ሁለተኛው ሲዲ ላይ ሁለቱ አባቶች በድንገት ይታረቃሉ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ልጆቹ ግን ክው ይላሉ፤ ክሱ ሊዘጋ ነው። ያኔ ልጅቷ አዲስ መዝገብ ይዛ ብቻዋን ወደ ችሎቱ ትገባለች። ዳኛው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ክስሽ ምንድን ነው ይላታል። ልጅቷ አፏን ትከፍታለች፤ ከዚያ ያ ውብ ፊቷ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይበተንና ቀጥ ይላል።

ሲዲው ተጭሯል። ታደለ በትንፋሹ አረጠበው፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፣ በሳሙና አጠበው። አንድ ሰው ሙዝ ቀባው ብሎ መከረውና እሱንም ሞከረ። ልጅቷ እዚያው ቦታ አፏን ከፍታ ትቆማለች።

ገርሞኝ የማያልቀው ነገር ግን ሰው መምጣቱን አለማቆሙ ነው። መጨረሻ እንደሌለው እያወቀ ይመጣል፣ ይስቃል፣ ያፏጫል፣ ሲቋረጥ ያጉረመርማል፣ ማግስቱን ይመለሳል። ከተማው ሁሉ መጨረሻውን ይገምት ጀመር። ወፍጮ ቤት እህል የሚያስፈጩት ሴቶች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ልጅቷ አባቷን ልትከስ ነው ይላሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ልታለቅስ ነው እንጂ ክስም የላት ይላሉ። ገበያ ወጥተው ፊልሙን ያዩ የጊች ሰዎች ገደሉን ወጥተው መንደራቸው ሲገቡ፣ ያላየው ሰው ሁሉ ከበባቸው አሉ። ያኔ ጊች፣ ነዋሪዎቹ ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ሳይነሱ፣ ገና ሰው ይኖርበት ነበር። ገብሳቸውን ጭነው በወረዱ ቁጥር በቅሏቸውን ከማሰራቸው በፊት ታደለን ፍርዱ መጣ ወይ ብለው ይጠይቁታል።

ታደለ ያንኑ ሾፌር ለምኖ ሌላ ሲዲ ከጎንደር እንዲያመጣለት ላከው። ሾፌሩ አመጣ። አዳራሹ ጢም አለ፣ ታደለ ልብሱን ገለጠ፣ ሲዲው ዞረ፤ የታየው ግን ጎንደር ውስጥ የተደረገ የማናውቀው ሰው ሠርግ ነው። ሻጩ ሽፋኑን አቀያይሮታል። ማንም አልተነሳም። ልጅቷና ልጁ ከአሁን አሁን ይመጣሉ እያልን ሠርጉን እስከ መጨረሻው አየነው፤ ሚዜዎቹን፣ ኬክ ቆረሳውን፣ ካሜራውን ሸሽታ የምትደበቀውን አንዲት አሮጊት። እኔ ይሄ ራሱ የፊልሙ መጨረሻ ነው፣ ሲያገቡ ፊታቸው ተቀይሮ ነው ብዬ ለጓደኞቼ አስረዳሁ። አንዳንዶቹ አመኑኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አዝራር እየተከልኩ ፊልሙን ለራሴ እተርክ ነበር። ልጅቷ ለዳኛው ስለ አጥሩ የምትናገረው ጋ ስደርስ ድምፄን አሳምሬ አወጣሁት። የስፌት መኪናው ቆመ። እታለም ስፒሎቹን ራሷ ከአፏ አወጣች።

"አጥር አይደለም" አለችኝ። "እነሱ ናቸው አጥር ያደረጉት። ቦይ ነው፤ የውሃ ቦይ።" ከዚያ ዓይኖቿን ከጨርቁ ሳታነሳ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ወፈር ባለ ድምፅ እንዲህ አለች፦

"ውሃ በጠባዩ ቁልቁል ነው መንገዱ፣
ሽቅብ ወደ እናንተ እንዴት ነው መሄዱ?"

የቴሌቪዥኗ ልጅ በሱቃችን ውስጥ የተናገረች ነው የመሰለኝ። እንዴት እንደምታውቀው ጠየቅኋት። ድሮ ተማሪ እያለሁ ሠርቼዋለሁ አለችኝ። ታዲያ መጨረሻው ምንድን ነው አልኳት።

"እኔ ስሠራው መጨረሻ አልነበረውም" አለችና ስፒሎቹን መልሳ ነከሰች።

ለልጅ አእምሮዬ ይህ መልስ ከባድ ነበር። የዚህ ታሪክ መጨረሻ ከጥንት ጀምሮ የጠፋ ነው ማለት ነው፤ ሲዲውም ቢሆን ታሪኩ እዚያ ጋ ስለሚያልቅ ነው የሚቆመው ብዬ ደመደምኩ።

ነገሩን የገለጡልኝ አጥራችን የሚገናኘው ጎረቤታችን ወይዘሮ አሰገደች ናቸው። የዳባት ሰው ናቸው፣ ጠላ ይሸጣሉ፤ ወሬ ሲጀምሩ ማንም አያቆማቸውም። እታለም ዳባት ትምህርት ቤት እያለች ያን ቲያትር ስትሠራ የከተማው ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር አሉኝ። ከእሷ ጋር የሚከራከረውን ልጅ ሆኖ የሠራው የክፍሏ ልጅ ደምሌ ነው። መጨረሻው ላይ እሷ ትከሰዋለች፣ ዳኛው ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ ይለዋል፣ እሱ አምናለሁ ብሎ ይጨርሳል። ግን ዳኛው በጠየቀው ሰዓት የደምሌ አባት፣ ቄሱ፣ በበሩ ገቡ። ልጃቸው መድረክ ላይ መውጣቱን አያውቁም ነበር። ደምሌ አባቱን ሲያይ ምላሱ ታሰረ፤ ከዚያ በጎን ወርዶ ወጣ። እታለም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብቻዋን ቆማ ቀረች። ጥቂት ጠብቃ ወደ ዳኛው ዞረችና፣ ጌታዬ ተከሳሹ ጠፍቷል አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳባት ውስጥ ለብዙ ጊዜ፣ እህል ስትሸምትም ውሃ ስትቀዳም፣ ተከሳሽሽ ተገኘ ወይ ይሏት ነበር። ደምሌም ብዙ ሳይቆይ የከብት ሕክምና ሊማር ሄደ፤ ሲመረቅም ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ተመደበ፤ አንድ ቃል ሳይነግራት።

ይህን ሁሉ ነግረውኛል፤ ግን እኔ የያዝኩት ግማሹን ብቻ ነው። ምክንያቱም ደምሌን በራሴ መንገድ አውቀው ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ደባርቅ ተዛውሮ መጥቷል፤ አጭርና ደልደል ያለ፣ አረንጓዴ የዝናብ ልብስ የሚለብስ፣ የመርፌ ቦርሳውን በበቅሎ ጭኖ በጎችና ላሞች ሊከትብ በየመንደሩ የሚዞር ሰው ነው። በሱቃችን በር ባለፈ ቁጥር እታለም አንድ ነገር ታበላሻለች። አንድ ቀን የአንዱን ዩኒፎርም እጅጌ ከአንገቱ ጋር ሰፋችው። እሷ ደግሞ ከእኔ መምጣት በፊት አንዲት ላም ሞታባታለች። እኔ ሁለቱን ገጣጠምኩና፣ ይህ ሰው ላሟን ገድሎባታል፣ የሚካሰሱትም በእሷ ነው አልኩ። ሲያልፍ ዓይኔን አፍጥጬ አየዋለሁ። እሱም ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይለኛል፤ ይብስ ያናድደኛል።

በነሐሴ መጀመሪያ አንድ የገበያ ቀን፣ ቀትር አልፎ ሰማዩ ድፍን ብሎ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ገበያተኛው በያለበት ተጠለለ፤ ታደለ ቤትም እስከ በሩ ሞላ። እኔ ከፊት መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ከኋላዬ የጊች፣ የየመንደሩ ሰው ባናውን እንደለበሰ ታጭቋል፤ ሁሉም ይተናል። ፊልሙ ሄደ፣ አባቶቹ ታረቁ፣ ልጅቷ ወደ ችሎት ገባች፣ አፏን ከፈተች፤ ያው ቀጥ አለች።

ያን ቀን ማጉረምረሙ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ውጭ በረዶ ነው፣ መሄጃ የለም። ከመሃል አያ ሰይድ የሚባሉ የጊች ሽማግሌ ተነሱ። በአገራቸው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ በድንበርና በግጦሽ የሚዳኙ ሰው ናቸው። እኒያን ገደሎች ወርደው የመጡት ገብስ ለመሸጥ ብቻ እንዳልሆነ፣ ችሎት ላይ የቆመች ሴት ቃሏ ሳይሰማ ስትቀር ማየት ነውር መሆኑን፣ ፍርዱን ሳይሰሙ እንደማይወጡ ለታደለ በዝግታ ነገሩት። ሌሎቹም እውነት ነው፣ አንወጣም አሉ። ታደለ የቴሌቪዥኑን ልብስ በእጁ ጨብጦ ላቡ ይወርዳል።

በዚህ መሃል እታለም ጃንጥላ ይዛ ልትወስደኝ መጣች፤ በሩ ጋ በሰው ተጨናንቃ ቆማ አየኋት። አላሰብኩበትም። ዘልዬ ተነሳሁና በጣቴ አመለከትኳት።

"አክስቴ ታውቀዋለች" አልኩ።

ያ ሁሉ ሰው ዞረ። እታለም ወደ ኋላ ልትል ፈለገች፤ ከኋላዋ በረዶውን የሸሹ ሰዎች ስለገቡ መውጫ አጣች። አያ ሰይድ ባናቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "በይ ልጄ፣ የምታውቂው ከሆነ አትንፈጊን" አሏት።

ሰው ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀላት። ቴሌቪዥኑ ሥር ወጥታ፣ ጃንጥላውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ትከሻዋን ሰብስባ፣ እንደ ተማሪ ሹክሹክታ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረች። ልጅቷ ትገባለች፣ ዳኛው ይጠይቃታል አለች። ሰው አይሰማም አለ፤ በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ድምፅዋ ከፍ ሲል አንገቷም ቀና አለ። ወዲያው ዳኛ ያስፈልገኛል አለችና ዙሪያዋን አይታ አያ ሰይድን አግዳሚው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሽማግሌው ቀልድ አልመሰላቸውም። ባናቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ክስሽን አሰሚ አሏት።

እታለም ጃንጥላውን ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ እጇን ዘረጋች፤ ያ ወፍራም ድምፅ መጣ፦

"ሐሳቤን ወሰደው፣ ጠይቄም አልሰጠኝ፤
ወይ እሱን እሰረው፣ ወይ ለእሱ ስጠኝ።"

አዳራሹ ጮኸ። ሰው ጭብጨባውን ሲያቆም አያ ሰይድ በቲያትሩ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ጠየቋት፤ ሐሳብሽ መወሰዱን በምን አወቅሽ አሏት። ለቅጽበት ደነገጠች። ከዚያ ልክ ችሎት ላይ እንዳለ ሰው ቀና ብላ፣ እጅጌ ይዤ ተቀምጬ ከአንገት ጋር ሰፋሁት አለች። ሰው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም፣ ምክንያቱም እውነት ነው፣ አይቻለሁ።

"በቂ ነው" አሉ አያ ሰይድ። "ተከሳሹስ የት አለ?"

የእታለም እጆች ሲወርዱ አየሁ፤ ፊቷም ያ ስፒል የያዘው ፊት ሆነ።

"ጌታዬ፣ ተከሳሹ ጠፍቷል" አለች።

ሰው ሳቀ። በዚያ ሳቅ መሃል ከበሩ በኩል "አልጠፋሁም፣ አለሁ" የሚል ድምፅ መጣ። ደምሌ ነበር። አረንጓዴው የዝናብ ልብሱ በበረዶ ነጭ ሆኖ፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ከሰዎቹ ኋላ ተጠልሎ ሁሉንም ሰምቷል። እየገፋ ወደ ፊት መጣ። እታለም ዞር ብላ አላየችውም፤ ዓይኗን ሽማግሌው ላይ ተክላ ቆማለች፣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ግን ካለሁበት ይታየኛል።

አያ ሰይድ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። በጎቻቸውን የሚከትብላቸው ሰው መሆኑን አውቀዋል፤ ግን በችሎት ዘመድ የለም። "ተከስሰሃል። ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?"

ደምሌ አፉን ከፈተ። በዚያች ሰዓት በረዶው ጣራው ላይ እንደ ጭነት ድንጋይ ወረደ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየን እንጂ ምንም አልሰማንም። አያ ሰይድ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ "አልተሰማም፤ ቃልህን ከፍ አድርግ" አሉት።

ደምሌ ባርኔጣውን አወለቀ። "አምናለሁ" ብሎ ጮኸ። ውጭ የታሰሩት በቅሎዎች የደነገጡ ይመስለኛል።

ሰው አበደ። አግዳሚ ላይ የወጣ አለ፣ ባናውን ወደ ላይ የወረወረ አለ። እኔም ከሁሉ በላይ ዘለልኩ፤ ምክንያቴ ግን የራሴ ነበር። ስለ ላሟ በመጨረሻ አመነ ብዬ ነው።

አያ ሰይድ ግን ገና አልጨረሱም። ሰዉን ጸጥ አሰኙና ተከሳሹን የወሰድከውን መልስ አሉት። ደምሌ እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም አላቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን እያሹ ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያ ፈረዱ። "መመለስ ካልቻለ፣ የሐሳቡ ባለቤት ካለችበት ሄዶ ይጠብቅላት" አሉ። እታለም በኋላ እንደነገረችኝ፣ ይህ ፍርድ በቲያትሩ ውስጥ የለም፤ የእሳቸው ነው።

እጄን ይዛ ወጣን። በረዶው ወደ ዝናብ ተቀይሯል። ጃንጥላው በእጄ ነው፣ ግን አንዳችንም አልዘረጋነውም። ሱቅ ስንገባ ሁለታችንም እስከ አጥንታችን ርሰን ነበር፤ እሷ ቁጭ አለችና ፊቷን በአንድ ልጅ ዩኒፎርም ሸፍና ቆየች። ታልቅስ ትሳቅ መለየት አልቻልኩም። ስፒሎቹን ልያዝልሽ አልኳት። ምንም አልያዘችም ነበር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ደምሌ የተቀደደ ሱሪ ይዞ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ቀን እታለም እርስዎ እያለች ነው ያስተናገደችው፤ መቼ ይፈልጉታል፣ የት ጋ ነው የተቀደደብዎ። እኔ ጠረጴዛው ሥር የወደቀ ስፒል እለቅማለሁ። ሱሪውን ገልብጣ ስታይ እሱ አባቱን በበሩ ሲያያቸው ምላሱ መታሰሩን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እሷን ለማየት ማፈሩን፣ ዓመት በሄደ ቁጥር ማፈሩ እየባሰ መሄዱን ነገራት። አባቱ ካረፉ ቆይተዋል።

እታለም ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "እኔስ አባትህን አላየኋቸውም?" አለች። "ፊት ለፊቴ ነበሩ። ቆሜ ነበር እኮ፣ ደምሌ።"

"ቆመሽ ነበር" አለ። "አውቃለሁ።"

አንተ ብላዋለች፤ ሱሪውንም ወሰደች።

ሱሪው ሲያልቅ ሌላ አመጣ፤ ከዚያ ሸሚዝ፣ ከዚያ የዝናብ ልብሱን። የጊች ውሾች ክፉ መሆናቸውን ስለሰማሁ በጣም አዘንኩለት፤ ላሟንም ቢሆን ይቅር አልኩት። አንድ ቀን እታለም የተቀደደውን ቦታ ለእኔ አሳየችኝና ምን ይመስልሻል አለችኝ። ውሻ ነው አልኳት። ጣቷን በቀጥተኛው መስመር ላይ እያስኬደች፣ "ውሻ በምላጭ አይነክስም" አለችኝ፤ ከዚያ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። ስትስቅ ምን ያህል ልጅ እንደምትመስል ያኔ ነው ያየሁት። ከሱቁ ወጥቼ ያለ ምክንያት እስከ መኪና መናኸሪያው ሮጬ ተመለስኩ።

ፍልሰታ ሲፈታ ደምሌ ዳባት አያቴ ዘንድ ሽማግሌ ላከ። ከላካቸው አንዱ አያ ሰይድ ናቸው። እኔ አልነበርኩም፤ አባቴ እንደነገረን አያ ሰይድ ነገሩን ሲያስረዱ እንደ ሽማግሌ አልለመኑም፣ ፍርድ አስፈጻሚ ሆነው ነው የተቀመጡት። አያቴ ስቀው እሺ አሉ። ሠርጉ ከመስቀል በኋላ ይሁን ተባለ።

አባቴ ሊወስደኝ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው፣ በጳጉሜ፣ ታደለ እያጨበጨበ ወደ ሱቃችን ገባ። ሲዲው መጥቷል፤ ትክክለኛው፣ ያልተጫረው። ያን ከሰዓት በኋላ ከተማው እንዳለ ወጣ። ደምሌ ከጊች በእግሩ ወርዶ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ እንደሆነ ቀጥታ መጣ፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ በግ ሲከትብ ውሎ፣ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሯል። ለሦስታችን ታደለ መሃል አግዳሚ ያዘልን፤ እኔ አንድ ጫፍ፣ እታለም መሃል፣ እሱ በሌላው ጫፍ። ሰው ሁሉ እየዞረ ያየናል፤ እኔ እንደ ንግሥት ተቀምጫለሁ።

አባቶቹ ታረቁ። ልጅቷ ገባች። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ወጣ። አዳራሹ በደስታ ፈነዳ፣ ምን እንዳለች ሳይሰማ አለፈ፣ ታደለ ወደ ኋላ መለሰው።

ግን የእኛ ችሎት አልነበረም። በፊልሙ ልጅቷ መናገር ያቅታትና መዝገቡን ጥላ እያለቀሰች ትወጣለች። ልጁ ይከተላታል። ዝናብ ይዘንባል፣ በአዲስ አበባ አንድ ድልድይ ላይ ይደርስባታል፣ ዘፈኑ ይነሳል፣ እሱ በጆሮዋ አምናለሁ ይላታል፣ ካሜራው በዙሪያቸው ይዞራል። ዳኛው የት ሄደ የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ያለ ዳኛ ምን እምነት አለ አለ ሌላው። ሰው መከራከር ጀመረ፤ ግማሹ ይህ ይሻላል ይላል፣ ግማሹ ፍርድ የሌለው ችሎት አላየንም ይላል። እኔ ግን ዝናቡ፣ ድልድዩ፣ የልጅቷ እርጥብ ፀጉር ሁሉ በአንድ ላይ ደረቴን ሞልተውት መተንፈስ አልቻልኩም። ይህን ደስታ ለሰው ማካፈል ፈልጌ ወደ ደምሌ ዞርኩ።

ተኝቷል። ራሱ እታለም ትከሻ ላይ ወድቆ፣ አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣ ጭቃው ሱሪው ላይ እየደረቀ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ድብን ብሎ ተኝቷል። ተናደድኩ። ከተማው ክረምቱን ሙሉ የጠበቀው ይኸው ነው፤ እሱ ያመልጠዋል። ልቀሰቅሰው እጄን በእታለም ላይ አሻግሬ ዘረጋሁ። የእጄን አንጓ ያዘችኝ። ትከሻዋን ላለማንቀሳቀስ አንገቷን እንኳ አላዞረችም።

"ተይው" አለችኝ በሹክሹክታ። "መጨረሻውን ያውቀዋል።"

ፊልሙ አለቀ። ሰው እየተከራከረ ወጣ። ታደለ የቴሌቪዥኑን ልብስ መልሶ አለበሰው፤ አግዳሚዎቹን እያነሳ ግድግዳ ሥር መደርደር ጀመረ። እኛ ጋ ሲደርስ እታለም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ታደለ አየን፣ መጥረጊያውን አነሳ፣ በእኛ ዙሪያ ያለውን መሬት ቀስ አድርጎ ጠርጎ አለፈ።